የወቅት ዋጋና የጭንቅ ዋጋ

«እንግዳ» የምንለው ቃል ሳናስተውለው ትርጉሙን ያሰፋ ቃል ነው። አያቶቻችን እንግዳ ሲሉ መሽቶበት ደጅ የቆመውን መንገደኛ ማለታቸው ነበር። ውሃ ቀርቦለት እግሩን ይታጠባል፤ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል፤ ከወዴት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። «የእግዜር እንግዳ» መባሉም ሒሳቡን የሚከፍለው ሌላ ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ መንደሮች ስናልፍ በየበሩ «የእንግዳ ማረፊያ» የሚል ጽሑፍ እናያለን። ከጽሑፉ ሥር ስልክ ቁጥር አለ፤ ለደወለ ሰው የአንድ ሌሊት ዋጋ ይነገረዋል። ዋጋውም ሁልጊዜ አንድ አይደለም፤ በነሐሴ ሌላ ነው፣ በጥር ሌላ ነው። ቃሉ ያው «እንግዳ» ነው። ሰውየው ግን ያው መሆኑን እንጃ።

ይህን የምለው የጥንቱን ደግነት አወድሼ የዛሬውን ሰው ለመንቀፍ አይደለም። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው የሚለው አባባል የወጣው በዚያው በደጉ ዘመን ነው። እነሱም በልባቸው የዋጋ ዝርዝር ነበራቸው ማለት ነው። መብልና መኝታን በገንዘብ መሸጥ ግን ለብዙ ጊዜ ነውር ሆኖ ቆይቷል። እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ መጨረሻ፣ ዛሬም በስማቸው የሚጠራውን የፒያሳውን ሆቴል ሲያቋቁሙ፣ ሰው በገንዘቡ ገዝቶ መብላትን አልለመደምና ገበያ ጠፍቶ እንደ ነበር፣ ዐፄ ምኒልክም መኳንንቱን ይዘው ሄደው፣ በልተውና ከፍለው እንዳለማመዷቸው ይተረካል። ከዚያ ወዲህ መቶ ሃያ ዓመት ያህል አልፏል። አሁን መክፈልም ማስከፈልም ነውር አይደለም። የቀረልን ጥያቄ «ስንት?» የሚለው ነው። ጥያቄው የሒሳብ ብቻ ይመስላል፤ እኔ ግን የኅሊናም ጥያቄ ነው እላለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

የምኖረው ጉለሌ ነው። ጉለሌ እንግዳ አጥቶ አያውቅም። ከበላዩ እንጦጦ አለ፤ ምኒልክና ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው አዲስ አበባን ከመቆርቆራቸው በፊት የከተሙበት ተራራ ነው። ማለዳ ሯጮች በባሕር ዛፉ መካከል ሽቅብ ሲወጡ ይታያሉ። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ለሽርሽር የሚወጣውም በርክቷል። ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ሰፈር ነው፤ ለሠርግና ለበዓል የሀገር ልብስ የሚፈልግ፣ ከአሜሪካም ሆነ ከአውሮፓ ለዕረፍት የመጣ፣ እዚያ ሳይደርስ አይመለስም። እነዚህን እንግዶች ያመጣቸው ደስታ ነው።

ሌሎች ደግሞ አሉ። ጳውሎስ ሆስፒታል በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለድኻ ሕሙማን ታስቦ የተሠራ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. በሀገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል የተከፈተውም እዚያው ነው። ከየክፍለ ሀገሩ «ወደ ጳውሎስ» ተብሎ ወረቀት የተጻፈለት ሰው ከአስታማሚው ጋር ይመጣል። ሕመምተኛው ተኝቶ ሲታከም አስታማሚው ማደሪያ ይፈልጋል። ኩላሊቱ ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት የታዘዘለት ሰው ከሩቅ ሀገር መመላለስ አይሆንለትም፤ እሱም ይከራያል። ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል የሚወጡትም እንዲሁ ናቸው። በተለይ በ1990ዎቹ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ፈውስ ፍለጋ መጥተው በአካባቢው ደሳሳ ክፍሎች ተከራይተው ወራትና ዓመታት ሰንብተዋል። እነዚህን ያመጣቸው ጭንቅ ነው።

እንግዲህ በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ሁለቱ ዓይነት እንግዶች ጎን ለጎን ያድራሉ። እኔም ከዋናው ቤት ጀርባ ሦስት ክፍሎች አሉኝ፤ በቀንም በሳምንትም አከራያቸዋለሁ። ቀጠሮ የምመዘግብበት ደብተር አለኝ። እያንዳንዱ ገጽ አንድ ወር፣ እያንዳንዱ መስመር አንድ ሌሊት ነው፤ ሦስቱ ክፍሎች በሦስት ዓምድ ተሠምረዋል። 365 ሌሊት በሦስት ሲባዛ 1,095 ይሆናል። የዓመት ሀብቴ ይኸው ነው።

የዚህ ሀብት ጠባይ ልዩ ነው። ጤፉን ያልሸጠ ገበሬ ጎተራ ያስገባዋል፤ ሸማውን ያልሸጠ ሸማኔ አጥፎ ያስቀምጠዋል። ዛሬ ማታ ያልተያዘ አልጋ ግን ነገ ጠዋት አይሸጥም። አልጋው አለ፤ ሌሊቱ ግን አልፏል። ነገሩን ቀድመው በደንብ ያሰቡበት የአሜሪካ አየር መንገዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 መንግሥት በትኬት ዋጋ ላይ የነበረውን ቁጥጥር ለማንሣት ሲወስን፣ ባዶ ወንበር ይዞ የበረረ አውሮፕላን የዚያን ወንበር ገቢ መልሶ እንደማያገኘው አሰቡና፣ አንዱን ወንበር እንደ ቀኑና እንደ ተጓዡ በተለያየ ዋጋ መሸጡን ተያያዙት። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1980ዎቹ ሥራውን ለኮምፒዩተር ሰጠው። ሆቴሎች ተከተሉ። ቀጥሎ የግለሰብ ቤት መጣ። በጥቅምት 2000 ዓ.ም.፣ እኛ ሚሌኒየማችንን በተቀበልን በወሩ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የንድፍ ባለሙያዎች ጉባኤ ሆቴሎቹን ሁሉ ሞላቸው። የቤት ኪራይ መክፈል የቸገራቸው ሁለት ወጣቶች ቤታቸው ውስጥ በአየር የሚነፋ ፍራሽ ዘርግተው እንግዶች በገንዘብ አሳደሩ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ኤርቢኤንቢ የተወለደው ከዚያች አልጋ ከጠፋባት ሳምንት ነው።

እኔም ከእነሱ የተማርኩት አለ። ዓመቱ ሳይገባ የበዓላቱንና የጉባኤዎቹን ቀን በቀይ ቀለም አሰፍራለሁ፤ መስቀል፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባም የሚከበረው ኢሬቻ፣ በኅዳር የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ፣ ገና፣ ጥምቀት፣ የጥር ሠርግ፣ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ፣ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት፣ ቀኑ የሚዘዋወረው ፋሲካ። ከጎኑ የፈረንጁን ቀን እጽፋለሁ፤ ጥምቀት ምንጊዜም በጃንዩወሪ 19 ነው ብሎ የደመደመ አከራይ በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ 20 ሲሆንበት ቀጠሮው ይዘበራረቃል። በበዓል ሳምንት መሐል አንዲት ሌሊት ብቻ የሚጠይቀኝን ቶሎ እሺ አልለውም፤ ያቺ አንዲት ሌሊት ሳምንቱን ለሁለት ትቆርጠዋለችና። በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ነጠላ ሌሊት ከቀረች ደግሞ በቅናሽ እሰጣለሁ። ሳምንት ለሚቀመጥ ዋጋ እቀንሳለሁ፤ አንሶላ የሚታጠበው እንግዳ በተለወጠ ቁጥር ነውና። በነሐሴ ዝናቡ እንጦጦን ሲሸፍነው ዋጋው ይወርዳል፤ በጥር ይወጣል። ለምሳሌ ያህል በተራ ቀን 1,200 ብር የሚከራይ ክፍል በበዓል ሰሞን 2,000 ብር ቢባል፣ በዓመት 40 እንዲህ ያሉ ሌሊቶች ቢኖሩ፣ በሦስት ክፍል የ96,000 ብር ልዩነት ይመጣል። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ይህ ስግብግብነት ነውን? አይመስለኝም። ለጥምቀት ከውጭ የሚመጣ ሰው ቀኑን መርጦ ነው የሚመጣው። ዋጋው ከበዛበት ዘመድ ቤት ያርፋል፣ ሌላ ሰፈር ይፈልጋል፣ ወይም በሌላ ወር ይመጣል። በተጨማሪም የጥር ትርፍ የነሐሴን ባዶ ሌሊት ይሸከማል፤ ውሃው፣ መብራቱ፣ የጥበቃው ደመወዝ ክረምት ገባ ብለው አይቆሙም። ዋጋው በጥርም ያው ይሁን ብንል ደግሞ ክፍሉ ለተቸገረው ይደርሳል ማለት አይደለም፤ ቀድሞ ለደወለው ወይም ለደላላው ወዳጅ ይደርሳል። ስለዚህ ዋጋ እንደ ወቅቱ መለዋወጡ ብቻውን በደል ነው የሚሉትን አልከተላቸውም።

ይሁንና በደብተሬ ላይ ያለው ሁሉ የእኔ አይደለም። ይህን ለመረዳት አንድ ቀጠሮን እንውሰድ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይተመን ሲባል፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀደም ብለው ለመስከረምና ለጥር በብር ተነጋግረው ቀብድ የተቀበሉ አከራዮች ነበሩ። አሁን ያው ክፍል በዶላር ቢከራይ እጥፍ ሊያወጣ ነው። ምን ይደረግ? በእኛ ሥራ ለእንዲህ ያለ ጊዜ የተዘጋጀች ውሸት አለች፤ «ቧንቧው ፈንድቶ ክፍሉ ጥገና ላይ ነው» ትባላለች። የፈነዳ ቧንቧ የለም፤ የተሻለ ከፋይ ነው የመጣው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለዚህ መልስ አለው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ቢተው አጠፌታውን ይመልሳል። አንድ ወዳጄ ይህን ጠቅሶ «አጠፌታውን ከመለስኩ ማንንም አልበደልኩም» ሲል ይከራከረኛል። ሕጉ ግን የተጣሰ ቃል ስንት እንደሚያስከፍል ነገረን እንጂ ቃል መጣስ መልካም ነው አላለም። ወዳጄን የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ብር ጠንክሮ ቢሆን ኖሮ ለእንግዳህ ልዩነቱን ትመልስለት ነበር? ዝም አለ። ቀን መያዝ ማለት ሁለት ሰዎች ነገ የሚመጣውን ሳያውቁ ዕድላቸውን አብረው ማሰር ነው። ነገ ለእኔ ሲያደላ ብቻ የሚፈታ ከሆነ መጀመሪያም አልታሰረም። እንግዲህ ያልተያዘች ሌሊት የእኔ ናት፤ የተያዘች ሌሊት ግን የሁለታችን ሆናለች።

ከዚህ የሚከብደው ግን ሦስተኛው ነው። በአንድ ዓመት ጥር ላይ ከምሥራቅ ጎጃም የመጣ ሰው አንዱን ክፍል ለአራት ሌሊት ይዞ ነበር። ሚስቱ ሆስፒታል ተኝታለች። በአራተኛው ቀን ማታ መጣና በሩ ላይ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ሐኪሞቹ ሰባት ቀን ጨምረውብናል። ክፍሉን ልያዘው?» አለኝ። ክፍሉ ለሌላ አልተሰጠም ነበር፤ ነገር ግን የጥምቀት ሳምንት ስለሆነ በ2,000 ብር የሚጠይቁኝ ሰዎች በየሰዓቱ ይደውላሉ። ሰውየው 1,200 ብር ነበር የሚከፍለው። 2,000 ብር ብለው ይከፍላል፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ሚስቱን ጥሎ አይሄድም፤ በዚያ ሳምንት ሌላ አልጋ በቅርብ አያገኝም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ልዩነቱ በሰባት ሌሊት 5,600 ብር ነው።

በነበረው ዋጋ አስቀመጥኩት። ይህን የምጽፈው ለመመስገን አይደለም፤ 5,600 ብር ጽድቅ አይገዛም። የምጽፈው በማግስቱ ከጎረቤቴ ጋር ስለተነጋገርነው ነገር ነው። ጎረቤቴ በዕድሜ የገፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በትንሽ ጡረታና በሁለት ክፍል ኪራይ የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ በጥር ያልሠራሁትን በነሐሴ ማን ይሰጠኛል?» አሉኝ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። የእኔ ሹመት ጥር ናት።»

ሰውየው የጨነቀው መሆኑን ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ። አንተ ቸግሮታል ብለህ ትተውለታለህ። እኔን ሲቸግረኝ ጤፍ ነጋዴው ይተውልኛል?»

ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ስለ ሥነ ምግባር የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ አከራዩን ባለጸጋ፣ ተከራዩን ድኻ አድርገው ይነሡና ፍርዱ ይቀልላቸዋል። በጉለሌ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድኻ ለድኻ ነው የሚያከራየው። የእትዬ ጉድለት እውነተኛ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ጉድለታቸውን የሚሞላላቸው ሰው ከእንግዶቻቸው ሁሉ መሐል በጣም የተጨነቀው ለምን ይሆናል? ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ለመድኃኒት የሚያወጣው ሰው ለጥምቀት ከመጣው ይልቅ የበለጠ የሚከፍለው፣ የበለጠ ስላለው አይደለም። መሄጃ ስለሌለው ነው።

በ13ኛው መቶ ዘመን የነበረው ቶማስ አኩዊናስ ስለ ንግድ ሲጽፍ ይህንኑ ነገር በጥሩ ሁኔታ ለይቶታል። ሻጩ ዕቃውን በመስጠቱ ጉዳት የሚደርስበት ከሆነ ጉዳቱን በዋጋው ላይ ሊያስብ ይችላል ይላል። ሻጩ ሳይጎዳ፣ ገዢው በጣም ስለፈለገው ብቻ ዋጋ መጨመር ግን አይገባም፤ ምክንያቱም ያ ፍላጎት ከገዢው ሁኔታ የመጣ እንጂ የሻጩ ንብረት አይደለም፤ ማንም የራሱ ያልሆነውን ሊሸጥ አይችልም። ይህን ወደ ደብተሬ ስመልሰው ነገሩ ይገለጥልኛል። አልጋው የእኔ ነው፣ አንሶላው የእኔ ነው፣ ሌሊቱም የእኔ ነው። የሰውየው ሚስት መታመም ግን የእኔ አይደለም። በዚያ ምክንያት የምጨምረው 800 ብር የምን ዋጋ ነው? የአልጋ አይደለም። የራሱን ጭንቅ መልሼ ለራሱ እየሸጥኩለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ሊያነሣብኝ ይችላል። «አንተም እኮ 2,000 ብር የሚከፍል ሰው ስለቀረብህ ተጎድተሃል፤ አኩዊናስ የፈቀደው ይህንን አይደለም?» ሊል ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለዚህም ነው ያለ ኪሳራ ይደረጋል የማልለው። ነገር ግን ሁለት ኪሳራዎችን እንለይ። ባለኝ ላይ ጉዳት መድረሱ አንድ ነገር ነው፤ ሊመጣ ይችል የነበረ ትርፍ መቅረቱ ሌላ ነው። 1,200 ብር ወጪዬን ሸፍኖ የሚተርፈኝ ዋጋ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ያጣሁት ከኪሴ አይደለም፤ ከተስፋዬ ነው። ወጪዬን የማይሸፍን ዋጋ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ሌላ በሆነ ነበር፤ እንዲያ ከሆነ ምጽዋት ነው፣ ምጽዋት ደግሞ በግድ አይጠየቅም። እኔ የማወራው ስለ ምጽዋት አይደለም፤ ስለ ተገቢ ዋጋ ነው።

የገበያ ምሁራን ደግሞ ሌላ መልስ አላቸው። ዋጋው ሲወጣ ብዙ ሰው ክፍሉን ለኪራይ ያወጣል፣ አልጋ ይበዛል፣ በመጨረሻም ለአስታማሚው ይጠቅመዋል ይላሉ። ለረጅም ጊዜ ሲታሰብ እውነትነት አለው። ዛሬ ማታ ግን ሆስፒታሉ አጠገብ አዲስ ቤት አይበቅልም። ደግሞም ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ሁለቱን ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1986 ካነማን፣ ኔትሽና ታለር የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ላይ በካናዳ ከተሞች ለሚኖሩ ሰዎች እንዲህ የሚል ጥያቄ አቅርበው ነበር፦ የበረዶ መዛቂያ አካፋ በ15 ዶላር ይሸጥ የነበረ ሱቅ፣ ታላቅ በረዶ በጣለ ማግስት 20 ዶላር ቢያደርገው ትክክል ነው? ከመቶው 82ቱ ትክክል አይደለም አሉ። ገበያን የማያውቁ ሰዎች ሆነው አይደለም። ነጋዴው ያደረገው አንዳች ነገር ሳይኖር በረዶው ስለጣለ ብቻ መክበሩ ስላልተዋጠላቸው ነው።

«የጨነቀውን በምን ታውቃለህ? ነገ ሁሉም አስታማሚ ነኝ ይልሃል» የሚል ክርክርም አለ። አንዳንዱ ይዋሻል፤ አዎ። የሐኪም ወረቀት አምጡ እያልኩ በሰው ገመና ልገባ ግን አልፈልግም። የምጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ቀኑን የመረጠው እሱ ነው ወይስ ሌላ? ሌላ ቦታ መሄድ ይችላል? የዋጋው ጭማሪ ከእኔ ወጪ የመጣ ነው ወይስ ከእሱ መከራ? አንድ ውሸታም በ1,200 ብር ቢያድርብኝ የምከስረው ጥቂት ነው። በውሸታሙ ፍርሃት እውነተኛውን ብበዘብዘው ግን የከፋው ኪሳራ ያ ነው።

ሌሎች ደግሞ በጎ ነገር ሁሉ ትርፍ አለው ብለው ሊያግባቡን ይሞክራሉ። አስታማሚ በነሐሴም ይመጣል፣ ደግ ካደረግክለት ሌላውን ይልክልሃል፣ ክፍልህ ክረምቱንም አይራቆትም ይላሉ። እውነት ሊሆን ይችላል። ካንት ግን እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ እንዲህ ያለ ባለሱቅ ጽፏል። ባለሱቁ ልጅም ይምጣ ዐዋቂ በአንድ ዋጋ ይሸጣል፤ ነገር ግን ገበያ እንዳይሸሸው ብሎ እንጂ ሐቀኝነትን ወዶ ስለመሆኑ ማስረጃ የለንም ይላል። ትርፉ የቆመ ቀን ሐቀኝነቱም ሊቆም ይችላል። ጉዳዩ የሚፈተነው በጥር ነው፤ በነሐሴ ሁላችንም ደጎች ነን።

ከጎረቤቴ ጋር የነበረን ወሬ በዚያ አላበቃም። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በፋሲካ ሰሞን፣ ምጥ የያዛትን እኅቱን ሆስፒታል አስገብቶ በሌሊት ማደሪያ ያጣ ልጅ በራቸውን አንኳኳ። አስገቡት፤ አበሉት፤ ሳሎን ላይ ፍራሽ ዘረጉለት፤ ጠዋት የዘረጋላቸውን ብር መለሱለት። ስሰማ ተገርሜ ጠየቅኳቸው። «ደጄ ላይ የቆመ እንግዳ ነው፤ በስልክ የደወለ ደንበኛ ነው» አሉኝ።

ይህን አነጋገር እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። እትዬ ጨካኝ አይደሉም። በደብተር ላይ ሰው አይታይም፤ ቀን ነው የሚታየው። «ጥር 9፣ ክፍል 2፣ ባዶ» ይላል። በኢንተርኔት የሚሠሩት የዋጋ ማሽኖች ደግሞ ከደብተርም ይብሳሉ፤ ቀኑ ሲሞላ ዋጋውን ራሳቸው ያንሩታል፤ ከተማው በሠርግ ይሙላ በሐዘን አይጠይቁም። ደጅ የቆመ ሰው ግን ዓይን አለው። የጥንቱ የእንግዳ ሥርዐት በደጅ ላይ የተመሠረተ ነበር። የእኛ ዘመን ደጁን ወደ ስልክ ስላዛወረው፣ ደጅ ላይ የነበረውንም ግዴታ አብሮ ማዛወር አለብን ባይ ነኝ። ለዚህ ብዬ በደብተሬ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሬአለሁ፤ «ምን አመጣው?» ይላል። ለደወለ ሁሉ እጠይቃለሁ። የሚመልስልኝ ካልፈለገ አልጫነውም። ብዙው ግን ጠያቂ ስላገኘ ብቻ ይነግረኛል።

ይህን ሁሉ ለኅሊና ከምንተወው ሕግ ቢወስነው አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። ሕግ ሞክሯል። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ለአነስተኛ ተከራዮች ኪራዩ ተቀነሰ። ብዙ ድኻ በዚያ ተጠልሏል። ኪራዩ ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ ቤቶቹም ያለ ጥገና አርጅተዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ደግሞ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም ገደብ እንዲኖረው ደንግጓል። የእንግዳ ማረፊያን ግን አይመለከትም። በዚህም ምክንያት የወር ተከራዩን አስወጥቶ በሌሊት ለማከራየት የሚፈተን አይጠፋም፤ ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለእኔ ጽሑፍ የሚጠቅመው፣ የአንድ ሌሊት ዋጋ እስካሁን በአከራዩ እጅ መሆኑ ነው። በእጄ ያለው ነገር ደግሞ በሌላ አላሳብበውም።

ነገሩ በአልጋ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ዝናብ ሲጥል ዋጋ የሚጨምረው ባለታክሲ፣ መድኃኒቱ ከከተማው መጥፋቱን አይቶ የሚቆልለው ፋርማሲ፣ ሐዘንተኛ ዋጋ እንደማይከራከር የሚያውቀው የሬሳ ሣጥን ሻጭ፣ ሁላችንም የራሳችን ደብተር አለን። ሁላችንም ጥር አለን። በወቅቱ መጠቀም ነውር የለውም እላለሁ፤ ደስታ ያመጣው ሰው የደስታውን ቢከፍል ማንም አይበደልም። ቀጠሮ ይከበር እላለሁ። ጭንቅ ላመጣው ሰው ግን ዋጋው በተራው ቀን የነበረው ይሁን፤ ከዚያ በላይ ያለው የእኛ ስላልሆነ። እትዬ እስከ ዛሬ በዚህ አይስማሙኝም፤ «በስልክ እንዴት አድርጌ ሰው አያለሁ?» ይሉኛል። እሳቸውን የሚያሳምን፣ እኔንም የሚያርም የተሻለ ሐሳብ ያለው አንባቢ ካለ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።